ሰማዩ ታርሷል፣ ንጉሡ ግን አልተከሰሰም

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው አባቶቻችን ሁለቱን የማይሞከሩ ነገሮች በአንድ ገመድ አስረው አወረሱን። ሰማዩ ዛሬ ታርሷል። ከራሳችን በላይ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ያለ ዕረፍት ይዞራሉ፤ ጁባን ትተው ጋምቤላን፣ ጋምቤላን ትተው ደብረ ማርቆስን ለመድረስ በየተራ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል። እኔ በምኖርባት ጁባ አንድ ነጋዴ ስታርሊንክ የተባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ ጣሪያው ላይ ሰቅሎ በሕጋዊ መንገድ ይጠቀማል። ያው ሰው ያንኑ ዲሽ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ቢገባ ተከሳሽ ነው። ሳተላይቱ አንድ ነው፣ ዲሹም አንድ ነው። የተለየው ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነፍገው እጅ ነው፤ እኔም ዛሬ የምናገረው ስለዚያ እጅ ነው።

«ድሃ አገር ነን፣ ጊዜው ገና ነው» የሚለውን ሰበብ ጁባ ተቀምጬ መስማት አልችልም። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ ወጣች፤ በ2013 መጨረሻ እርስ በርሷ ተዋጋች። በ2024 መጀመሪያ ነዳጇን ወደ ባሕር የሚያወጣው ዋናው ቧንቧ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ሥራ አቆመና የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ያለ ደመወዝ ቀረ። መምህራን ድንጋይ ፈልጠው ሲሸጡ፣ ነርሶች ሻይ ሲያፈሉ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ ስታርሊንክ እዚህ በይፋ ሥራ ጀመረ። ይህን የፈቀደው ለሠራተኛው ደመወዝ መክፈል ያቃተው መንግሥት ነው። ታዲያ የድህነት ሰበብ ምን ቀረለት?

ለደቡብ ሱዳን የሳተላይት ኢንተርኔት ቅንጦት አይደለም። የመጀመሪያው ፋይበር ጁባ የደረሰው ሊኩዊድ ቴሌኮም ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ በኩል ሲያስገባው እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ከተማው በአብዛኛው 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀው በቆሙት አሮጌዎቹ ሳተላይቶች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዋጋው የተራድኦ ድርጅቶችን ግቢ እንጂ የኮንዮ ኮንዮ ገበያን ነጋዴ የሚያስጠጋ አልነበረም። ፋይበሩም ቢሆን የመጣው ጁባ ድረስ ነው። ከጁባ ወጥታችሁ ወደ ቦር፣ ወደ ፒቦር፣ ወደ አኮቦ ስትሄዱ ክረምት መንገዱን ይውጠዋል፤ ሱድ የሚባለው ረግረግ ይዘረጋል። እዚያ ገመድ የሚቀብር፣ የኔትወርክ ማማ አቁሞ ናፍጣ የሚያመላልስ ኩባንያ ማግኘት ይከብዳል፤ ትርፍ የለውማ። አንድ ዲሽ፣ አንድ የፀሐይ ፓነልና አንድ ባትሪ ግን በጀልባ ይደርሳሉ። አኮቦ ላይ ወንዙን ብትሻገሩ ኢትዮጵያ ናችሁ። በደቡብ ሱዳን ዳር ያለው የጤና ጣቢያ ዲሹን ለመትከል የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፤ በኢትዮጵያ ዳር ያለው ግን ገንዘቡ ቢኖረውም የሚገዛው ፈቃድ የለም።

በእኛ በኢትዮጵያ ሕጉ እንዲህ ይላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያስገባን ወይም የሸጠን ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ የተጠቀመበትን ወይም የያዘውን ከ1 እስከ 4 ዓመት። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አዋጅ ወጣ፣ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፣ ቆይቶም ሳፋሪኮም የመራው ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገባ። በሩ ተከፈተ ብለን ተደሰትን። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ግን ተራው ዜጋ የሳተላይት ኢንተርኔት የሚገዛበት መንገድ የለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ስታርሊንክን ፈቅዳለች። መንግሥት አልባ እያልን ስንጠራት የኖርነው ሶማሊያ በ2025 ፈቅዳለች። ዴሞክራቲክ ኮንጎ በ2024 ለደኅንነት ያሰጋል ብላ ከለከለች፣ ዓመት ከጥቂት ወር ቆይታ ፈቃዱን ሰጠች።

ኢትዮጵያ የማትፈቅድበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በግልጽ እንበለው። ገመዱ በመንግሥት እጅ ካለ ገመዱን መንቀል ይቻላል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል አገሩ በሙሉ ለሳምንታት ኢንተርኔት አጣ። ትግራይ ጦርነቱ ከጀመረበት ሌሊት አንስቶ ሁለት ዓመት ያህል በጨለማ ተቀመጠች። በዚያ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021፣ መንግሥት የድንበር የለሽ ሐኪሞችን የሆላንድ ክፍልና የኖርዌይን የስደተኞች ምክር ቤት ሲያግድ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ የሳተላይት መገናኛ መሣሪያ ያለ ፈቃድ አስገብተዋል የሚል ነበር። ሰው በሚራብበትና በሚቆስልበት ምድር ሐኪም ከሐኪም ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ የክስ ማስረጃ ሆነ! ከዚያም በነሐሴ 2023 ተራው የአማራ ክልል ሆነ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጠፋ።

ታላቅ እህቴ ምሥራቅ ጎጃም ናት። በዚያ ወቅት ታመመች። ጁባ ውስጥ የማምነው የአገሬ ልጅ ሐኪም ነበረኝ፤ የምርመራ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ ብትልክልኝ በዚያው ቀን ያይልን ነበር። ወረቀቱ በሰው እጅ፣ በአውቶብስ፣ መንገዱ ሲዘጋ እየቆመ ሲከፈት እየተጓዘ አዲስ አበባ ደርሶ ከዚያ ተላከልኝ። እህቴ ድናለች፣ ተመስገን። ያልዳኑትን ማን ይቆጥራቸዋል? ኢንተርኔት የተዘጋበት ሕዝብ ሞቱን እንኳ ለዓለም መናገር አይችልምና አልተቆጠሩም።

የሉዓላዊነትን ጥያቄ አልንቀውም። በአንድ ባለሀብት መዳፍ ላይ የአገር መገናኛ መጣል አደጋ ነው። የስታርሊንክ ባለቤት ኢሎን መስክ በ2022 ዩክሬን ክራይሚያ ላይ አገልግሎቱን እንዲከፍትላት ስትጠይቀው እምቢ ብሏል። በ2024 የስታርሊንክ ኩባንያ ፈቃድ በሌለባቸው አገሮች የሚጠቀሙትን እቆርጣለሁ ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሱዳን ውስጥ የነበሩ የተራድኦ ድርጅቶች ተንጫጩ። ሱዳናውያን ስደተኞች እዚህ ጁባ የሚያወሩት ስለ ዲሹ ነው፤ አገራቸው ውስጥ ኔትወርኩ በሙሉ ሲጠፋ ተዋጊዎች በተቆጣጠሯቸው ሻይ ቤቶች በሰዓት እየከፈሉ ዲሽ ሥር ተኮልኩለው ባንካክ በሚባለው የባንክ መተግበሪያ ከዘመድ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ኮንትሮባንድ የሆነው ዲሽ ጠመንጃ ባለው ሰው እጅ ገባ። ከዚህ የምማረው ግን ክልከላ የሚያመጣውን ነው። ሕግ ከበሩ ያባረረውን ነገር ሽፍታ በመስኮት ያስገባዋል። ስጋቱ የአንድ ኩባንያ ጥገኝነት ከሆነ ለሦስትና ለአራት ኩባንያ ፈቃድ ስጡ፤ ፋይበሩንም ዘርጉ። አንድ ሰው በር እንዳይዘጋብን ፈርተን ራሳችን በሩን ብንጠረቅመው ማንን ጎዳን?

ጁባን ደግሞ ቅድስት አላደርጋትም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ሰላማዊ ሰልፍ በተጠራበት ዕለት ዋዜማ ኢንተርኔት ጠፋ። በጥር 2025 በሱዳኗ ዋድ መዳኒ ከተማ ውስጥ ደቡብ ሱዳናውያን ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጭቶ ጁባ ውስጥ የሱዳናውያን ሱቅ ተዘረፈ፣ ሰው ሞተ፤ የአገሪቱ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፌስቡክንና ቲክቶክን እስከ 90 ቀን ዝጉ ብሎ ኩባንያዎቹን አዘዘ። በአምስተኛው ቀን አነሳው። ደም እየፈሰሰ እንደነበር አልክድም፣ እኔም በሬን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ግን ትእዛዙ የመጣው ከዳኛ አልነበረም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 ቪቫሴል የሚባለውን የስልክ ኩባንያ በፈቃድ ክፍያ ጭቅጭቅ ሲዘጉት ደንበኛው ሲም ካርዱን ይዞ ቀረ፤ መንግሥትና ባለሀብት ሲጣሉ የተቀጣው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ፈቃድ መስጠት ብቻውን ነፃነት አይደለም። ዲሹን የፈቀደ መንግሥት ነገ ያንኑ ፈቃድ ልጓም አድርጎ ኩባንያውን «ዝጋ» ይለዋል።

እኔ የምጠይቀው ንጉሡም ይከሰስ ነው። በጁባም በአዲስ አበባም ኢንተርኔት የሚዘጋ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፍርድ ቤት ቆሞ ማስረጃ ያቅርብ፤ ስንት ቀን፣ የት፣ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይውጣ፤ ያለ ዳኛ ትእዛዝ የዘጋ በግሉ ይጠየቅ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ለሳተላይት ኢንተርኔት ፈቃድ የሚሰጥበትን መስፈርት ያውጣ፤ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ይስጥ፤ ከከለከለም በስሙ ፈርሞ ምክንያቱን ይንገረን። አዋጅ 761 ዲሽ የያዘን ሰው የሚያስርበት አንቀጽ ይሰረዝ። የምክር ቤት አባላት በመጪው ስብሰባ ይህን ያንሱት፤ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከወለጋ የተመረጣችሁ በተለይ እናንተ አንሱት፤ መራጮቻችሁ ኢንተርኔት ሲዘጋባቸው ዝም ብላችኋል።