«የዶሮሽ ቅማል ልጄ ላይ ወጣ» ተባልኩ!

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ ለመቋቋሚያ ብዬ 18 ዶሮዎች ግቢው ጥግ ላይ አረባለሁ። ሰሞኑን ላባቸው እየሳሳ፣ እንቁላላቸውም እየቀነሰ መጣ። ክንፋቸውን ገልጬ ባይ ቅማል ይርመሰመሳል። በዚሁ መሐል የአከራዬ ትንሽ ልጅ ራሷን ማከክ ጀመረች። እትዬ ‹ወይ ዶሮሽን አስወግጂ ወይ ቤቴን ልቀቂ› አሉኝ። ጎረቤት ደግሞ ‹የሰብል መድኃኒት ርጪባቸው፣ ድራሹ ይጠፋል› ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»
ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ አይዞሽ! ዶሮውንም ቤቱንም ሳታጪ መውጫ አለሽ።

በመጀመሪያ የልጅቷ ነገር። የዶሮ ቅማል ሰው ላይ መኖር አይችልም። የሚበላው ላባና የዶሮ ቆዳ ቅርፊት ነው። ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ እንቁላል ጥሎ የሚሞተው እዚያው ዶሮዋ ላይ ነው። ከላዩዋ ከወረደ ከሳምንት ብዙም አያልፍም። ስትይዣት እጅሽ ላይ ቢሄድ እንኳ ፀጉርሽ ውስጥ ቤት አይሠራም። የሰው ራስ ቅማል የሚመጣው ከሰው ራስ ነው። ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲጫወቱ ይጋባል፣ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም።

ግን እትዬንም ቶሎ አትፍረጂባቸው። ሌላ ጥቃቅን ተባይ አለ፤ ቀን ቀን የቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ወጥቶ ደም የሚመጥ። እሱ ሰውም ይነክሳል። ስለዚህ ማታ በባትሪ ቆጡን ፈትሺ። ካገኘሽው ስንጥቁን ጥረጊ፣ የዶሮ ቤቱንም ከመኖሪያው ግድግዳ አርቂ።

የሰብል መድኃኒቱን ግን እንዳትነኪው! ዶሮዋን ሊገድል፣ እንቁላሉን ሊመርዝ፣ አንቺንም ሊጎዳ ይችላል። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂጂና ለዶሮ የተሠራውን ዱቄት ጠይቂ። እንቁላሉ ለስንት ቀን መበላት እንደሌለበትም አብረሽ ጠይቂ። ክንፋቸው ሥርና ጅራታቸው ግርጌ፣ ላባው ሥር ድረስ አድርሺው። ቅማሉ እንቁላሉን የሚያጣብቀው እዚያ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አክሚ። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መድገም አለብሽ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሁለተኛውን ዙር ሲተው ነው።

ዶሮ ራሷን የምታጸዳው አፈር ላይ ተንከባልላ ነው። በማርቆስ ክረምት ግን ደረቅ አፈር ከየት ይመጣል? ጣራ ሥር አንድ ሣጥን አስቀምጪና ደረቅ አፈርና የቀዘቀዘ የምድጃ አመድ ሙይበት። ምንቃራቸው ጫፉ የተቆረጠ ከሆኑ ደግሞ ቅማሉን መልቀም ስለሚያቅታቸው ቶሎ ቶሎ ፈትሻቸው። ከገበያ አዲስ ዶሮ ስትገዢም ክንፏን ገልጠሽ እዪ፣ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆያት።

ባለቅማል ዶሮ ዝም ብለሽ ሸጠሽ ለሌላ ቤት ማሸጋገሩም ነውር ነው፣ ተይው።

ለእትዬ ደግሞ «ከልጅዎ ነው» እያልሽ አትከራከሪ። ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው፣ የልጅቷን ፀጉር ቅማል በሚያወጣ ማበጠሪያ አብራችሁ ፈትሹ፣ ቆጡንም አሳያቸው። ሁለተኛው ዙር እስኪያልቅ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ለምኛቸው። ጠንክረሽ ስትሠሪ ካዩ እሺ ማለታቸው አይቀርም።