«አፍልታችሁ ጠጡ» አትበሉን

የውሃ ብክለት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ምክር አይጠፋም፦ «አፍልታችሁ ጠጡ።» ምክሩ ለታይፎይድና ለአሜባ ይሠራል። ለዓለም ጤና ግን አይሠራም፤ እንዲያውም ያባብሳል።

ዓለም ጤና ስል ድርጅቱን አይደለም። ከሞጆ ወደ ዝዋይ ስትወርዱ፣ ቆቃን አልፋችሁ መቂ ሳትደርሱ ያለችውን ከተማ ነው። የዚህ አካባቢ ሰው ሁለት ዓይነት ውሃ አለው፤ አንዱ ከመሬት በታች፣ ሌላው የቆቃ ሐይቅ።

የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ አለበት። ማንም አልጨመረበትም፤ የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚለቀው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ከዚህ በእጥፍ ድርብ የሚበልጡ ጉድጓዶች ሞልተዋል። በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል። እኔም ጥርሴን አይተው «የናዝሬት አካባቢ ልጅ ነህ አይደል?» ከሚሏቸው አንዱ ነኝ። ይሄ ቀላሉ ነው። ሲበዛና ሲቆይ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ወገብ ይደርቃል፣ አንገት አልዞር ይላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ስለዚህ ችግር ጥናት ያሳተሙት በፈረንጆቹ 1987 ነው። እኔ ሳልወለድ ማለት ነው። ይህን ውሃ ስታፈሉት ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። የቀረው ከበፊቱ የባሰ ነው።

እሺ፣ ወደ ሐይቁ እንሂድ። ቆቃ በጣሊያን የጦር ካሳ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ውሃው የአዋሽ ነው፤ ፍሎራይዱ ከጉድጓዶቹ ያነሰ ነው። እንደ ተፈጥሮ ቢሆን መውጫችን እሱ ነበር። አዳማ ያደረገችውም ይህንኑ ነው፤ ጉድጓዱን ትታ ከቆቃ በታች አዋሽን አጣርታ ወደ መጠጣት ዞረች። ግን ሐይቁ አረንጓዴ ሆነ። አልጀዚራ በ2009 እ.ኤ.አ. ፊልም ሠርቶ ርዕሱን «አረንጓዴው ሐይቅ» ያለው ለቅኔ አይደለም። ከፍሳሽና ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሳይኖባክቴሪያ ይቀልባል። ቆቃ ላይ የሚገኘው ማይክሮሲስቲስ ማይክሮሲስቲን የሚባል የጉበት መርዝ ያመርታል። ብታፈሉት ሴሉ ይፈነዳል፣ መርዙ ወደ ውሃው ይወጣል፣ በመፍላት ግን አይጠፋም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣው ክሮሚየምም በእሳት የሚሞት ነገር አይደለም።

ስለዚህ «አፍሉ» የሚለው ምክር ውሃውን አያጸዳም። የሚያጸዳው የተጠያቂዎቹን እጅ ነው። ችግሩን ከፋብሪካው ቱቦና ከቢሮው ጠረጴዛ አንስቶ ምድጃ አጠገብ ለቆመችው እናት ያስረክባታል። ልጇ ሲታመም «አላፈላሽም» ይባላል።

ሁለተኛው ማምለጫ «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ነው። አዎ፣ ፍሎራይዱ የተፈጥሮ ነው። ለዚህም ነው የሐይቁ መበከል እጥፍ በደል የሚሆነው። ከመሬት በታች ተፈጥሮ በሩን ዘግታብናለች፤ ከመሬት በላይ ክፍት የነበረውን በር የዘጋው ግን ሰው ነው። በአንዱ አጥንት፣ በሌላው ጉበት። «ምረጡ» የተባልነው በእነዚህ መካከል ነው።

ሦስተኛው ማምለጫ የእናንተ ነው፣ የአዲስ አበባ አንባቢዎቼ። ስለ ቆቃ ፖስት ስታደርጉ «የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች» ብላችሁ ታቆማላችሁ። ፋብሪካዎቹን አልከላከልም፤ የሞጆ ወንዝ ይዞት የሚመጣውን እናውቃለን። ግን ካርታ ክፈቱ። ግንፍሌ፣ ቀበና፣ ባንቲይቀጡ ወደ አቃቂ ይገባሉ። አቃቂ በአባ ሳሙኤል አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ቆቃ ይገባል። ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፤ የከተማው ብዙ ቤት ግን ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም። ከኮንዶሚኒየም፣ ከሆቴል፣ ከሆስፒታል ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ሁሉ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ቁልቁል ደግሞ እኛ አለን።

በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» ሲታወጅ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ይለማል፣ 29 ቢሊዮን ብር ይፈጃል ተባለ። ለእራት ግብዣው አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። መናፈሻ አልጠላም፤ ልጅ የሚሮጥበት ሣር ማን ይጠላል? ግን ወንዝ የሚለካው በዳርቻው መብራት ሳይሆን ከተማውን ለቆ ሲወጣ በያዘው ነገር ነው። ሴልፊው የሚነሳው ላይ ነው፤ ውሃው የሚጠጣው ታች ነው።

«ታዲያ ሕግ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ሕግማ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ደግሞ ነባር ፋብሪካዎች እንዲያስተካክሉ አምስት ዓመት ሰጠ። ቁጠሩት፤ ጊዜው በ2006 ዓ.ም. አልቋል። በዚህ መካከል ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ነበር፣ ሚኒስቴር ሆነ፣ ኮሚሽን ሆነ፣ መልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ታፔላ በተቀየረ ቁጥር ውሃ ቢጠራ ኖሮ ቆቃ መስታወት በሆነ ነበር።

የከሰሰም ነበር። አፓፕ የተባለው የመብት ድርጅት ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ፍርድ ቤት አቆመ። በፈረንጆቹ 2006 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። ነገሩ ባጭሩ፦ የበከለው ባለሥልጣኑ አይደለምና አይከሰስም። እንግዲህ ዘበኛው አልሰረቀም፤ ቁሞ ማየቱ ግን አያስጠይቀውም እንደማለት ነው።

በዚያው ዓመት የአርጀንቲና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቦነስ አይረስ ዳር ስላለው ማታንሳ ሪያቹዌሎ ወንዝ የነዋሪዎችን ክስ ተቀበለ። እዚያም ቆዳ ፋብሪካ ነበር፣ እዚያም የከተማ ፍሳሽ ነበር፣ እዚያም ታች የሚኖረው ድሃ ነበር። በ2008 መንግሥትን፣ ክፍለ ሀገሩንና ከተማውን «አጽዱ» ብሎ አዘዘ፤ የሥራ ዝርዝርና የጊዜ ገደብ ቆረጠ፣ አፈጻጸሙን የሚከታተል ዳኛም መደበ። ወንዙ ዛሬም ንጹሕ አይደለም። ልዩነቱ እዚያ ባለዕዳው በስሙ መታወቁ ነው።

እኛ የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። አንደኛ፣ የየቦኖውና የሐይቁ ውሃ ምርመራ ውጤት በየወሩ ይለጠፍ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ጀሪካን በሚደረደርበት ቦታ። ፍሎራይዱ ስንት ነው? ማይክሮሲስቲኑ ስንት ነው? ክሮሚየሙስ? ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ፍሳሽ መለኪያ ይፋ ይሁን። ሦስተኛ፣ ፍሎራይድ ማጣሪያ ሲተከል የሚመረቅበት ሪባን ብቻ ሳይሆን ማጣሪያው ሲደክም የሚቀየርበት በጀት አብሮ ይያዝ።

ለእናንተ ደግሞ ከሼር የሚበልጥ ሥራ አለ። በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ «ጥቅሜ ተነክቷል» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማንኛውም ሰው ማለት ቦሌ ያለውም ነው፣ የሕግ ተማሪውም ነው።

በዚህ ጊዜ ተከሳሹ ባለሥልጣኑ ሳይሆን ቱቦው ይሁን፤ ፍርድ ቤቱም ያኔ ያለው ይህንኑ ነበር። ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉ፣ አቤቱታውን በሁለት ቅጂ አስገቡ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። ከዚያ ሠላሳ ቀን ቁጠሩ።