በየትኛው ጀልባ እንሳፈር?



ሐዋሳ ለምንኖር ሰዎች ሐይቁ ጎረቤታችን ነው። ከመሃል ከተማ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ብንሄድ ፍቅር ሐይቅ እንደርሳለን፤ ወደ አሞራ ገደል ካመራንም የሚጠበሰው ዓሣ ሽታና እነዚያ ረጃጅም አባ ኮዳዎች ይቀበሉናል። እንግዳ ሲመጣብን ወደዚያ ነው የምንወስደው፤ ልጅ ሲመረቅ፣ በዓል ሲውል እግራችን ወደዚያው ያመራል። ባለፈው ፋሲካ ማግስትም የቤት ለቤት ኅብረታችን አባላት ሃያ ያህል ሆነን ጉማሬ ለማየት ወደ ሐይቁ ወረድን።

ዳር ላይ ሁለት ጀልባዎች ተራ ይዘው ነበር። አንደኛው ትልቅ ነው፤ በቀለም አሸብርቋል፤ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ተጭኖበታል፤ ሙዚቃው ከመንገዱ ይሰማል፤ ቢራም ይሸጥበታል። ሁለተኛው ሸራ የተዘረጋበት፣ ሞተሩ ቀስ የሚል፣ ነጂውም ዕድሜው የገፋ ነው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም፤ የሚሄዱትም ወደ አንድ ቦታ ነው። የተለያዩት በላያቸው ባለው ድባብ ብቻ ነበር።

እኛም ተለያየን። ወጣቶቹ «በዓል አይደል እንዴ? ትንሽ ደስ ይበለን እንጂ» አሉ። እናቶች ደግሞ «ልጆቼ፣ በዚህ ጩኸት መካከል ምን ልንሠራ ነው?» አሉ። ከወጣቶቹ አንዱ ጌታ ራሱ ቃና ሰርግ ቤት መገኘቱን ጠቀሰ፤ ከታላላቆቹ አንዱ ዓለምን እንዳንወድ ዮሐንስ የጻፈውን አስታወሰ። ጥቅስ በጥቅስ ተመለሰ። በመጨረሻ አሥራ ሁለቱ ወደ ትልቁ ጀልባ ገቡ፤ እኛ ስምንታችን ጸጥ ወዳለው ሄድን።

አሁን እውነቱን እንናገር። የእኛ ጀልባ ጸጥ ያለ ነበር፤ ልባችን ግን ጸጥ አላለም። አንድ ሰዓት ያህል ውሃው ላይ ስንቆይ የታቦርን ተራራ እያየን እግዚአብሔርን ልናመሰግን ሲገባን፣ ያወራነው በዚያኛው ጀልባ ስላሉት ነው። ማን መጀመሪያ ገባ፣ ማን አጨበጨበ፣ የማን ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር። ስንመለስም ወሬው ከእኛ ጋር ወደ ከተማ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ሦስት ሳምንት ከኅብረት ቀረ። ጌታን ካገኘ ገና ዓመት አልሞላውም። ቤቱ ሄደን ስንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ የነገረን ነገር እስከ ዛሬ ያመናል። ቀድሞ መጠጥ አስሮት ነበር። ያን ቀን ጓደኞቹን ላለመለየት ብሎ ትልቁ ጀልባ ላይ ወጣ። ሙዚቃው የድሮ ማታዎቹን አስታወሰው፤ ቢራው በአጠገቡ ያልፋል፤ መውረጃ የለም። «እስክንመለስ የጀልባውን ብረት ጨብጬ ነው የቆየሁት» አለን። አልጠጣም። ጌታ ጠበቀው። ሲወርድ ግን የሰማው የእኛን ወሬ ነው፤ «ከጨፋሪዎቹ ጋር የሄደው» ተብሏል። «እንግዲህ የት ልሁን?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

ወገኖቼ፣ ሁለቱም ጀልባዎች ይህን ልጅ ጥለውታል። አንዱ ሸክሙን ሳያውቅለት፣ ሌላው ሳይጠይቀው ፈረደበት።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንም ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቁናል። በትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ለመጓዝ ሲያስቡ «አንዱ የቁማር ቤትና የምሽት ጭፈራ የበዛበት ነው፤ ሌላው ለቤተሰብ የሚሆን ረጋ ያለ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ይላሉ። መርከቡን በሙሉ ተከራይተው በዝማሬና በቃል የሚጓዙ አማኞችም አሉ። ይሁን እንጂ እነዚያ መርከቦች ብዙ ፎቅ አላቸው፤ ሙዚቃው የበዛበት ሰው ወደ ሌላ ወለል ሄዶ ባሕሩን ማየት ይችላል። የእኛ ጀልባ ግን አንድ ወለል ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዘጠና ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ መካከሉ ላይ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ» አይባልም። ስለዚህ ድባቡ የሚመረጠው ገመዱ ከመፈታቱ በፊት ነው።

ታዲያ በምን እንምረጥ? «ጸጥታው ቅዱስ ነው፤ ጩኸቱ ርኩስ ነው» ብንል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ በቀላሉ አያሳልፈንም። በመርከብ ላይ ያንቀላፉ ሁለት ሰዎችን ያሳየናል። ዮናስ ዋጋውን ከፍሎ ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ፤ ማዕበሉ ሲነሣ እርሱ ከታች ከባድ እንቅልፍ ላይ ነበር (ዮና. 1፥3-5)። ጌታችንም በማዕበል መካከል በጀልባው የኋላ ክፍል ተኝቶ ነበር (ማር. 4፥38)። አንዱ ከእግዚአብሔር እየሸሸ ተኛ፤ ሌላው በአባቱ ታምኖ ተኛ። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ጸጥ ያሉ ናቸው። እኛም ያን ቀን ጸጥ ብለን የሄድነው እንደ ዮናስ እንጂ እንደ ጌታ አልነበረም።

ይህን ስንል ድባብ ምንም አይደለም ማለታችን አይደለም። ጌታ ራሱ ለደቀ መዛሙርቱ ጸጥ ያለውን መርጦላቸዋል። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ጥቂት እንዲያርፉ በጀልባ ወደ ምድረ በዳ ወሰዳቸው (ማር. 6፥31-32)። ዕረፍት የጌታ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀደማቸው፤ ጌታም ከጀልባው ሲወርድ ሕዝቡን አይቶ አልተቆጣም፤ እረኛ እንደሌላቸው በጎች ነበሩና አዘነላቸው። ከጌታ ጋር በጸጥታ የተጓዘ ሰው ዳር ላይ ሲወርድ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ርኅራኄ ይዞ ይወርዳል። እኛ የወረድነው ሐሜት ይዘን ነው።

ስለዚህ እምነታችን ይህ ነው፦ ጀልባን መምረጥ ያለብን ከእኛ መካከል ደካማ የሆነውን አስበን ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ስለ ሥጋ ሲመክር ዋና ጥያቄው ሥጋው ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው አልነበረም፤ የእኔ መብላት ወንድሜን ያሰናክለዋል ወይ የሚለው ነበር። የሚያሰናክለው ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም እስከማለት ደርሷል (1 ቆሮ. 8፥13)። ወጣቶቹ «እኛ ምን እንሆናለን?» አሉ፤ ታላላቆቹም «እኛ እንዴት እንቀመጣለን?» አሉ። «እርሱስ ይችለዋል ወይ?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አንዳንዶች «እንዲህ ከሆነማ ወጣቱ ሁልጊዜ ታስሮ ሊኖር ነው» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ደስታ የጌታ ስጦታ ነው፤ ፊቱን አጨማድዶ በዓል የሚያከብር ክርስቲያን ለማንም ምስክር አይሆንም። የምንለው አስቀድሞ መጠያየቅ ይኑር ነው። ደግሞም የወንድምን ድካም በአደባባይ ማውጣት አያስፈልግም። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ታላቅ ሰው ምክንያቱን ሳይዘረዝር «ዛሬ በዚህኛው እንሂድ» ቢል ይበቃል። የተቀረነው ደግሞ «ለምን?» እያልን ባንፋጠጥ መልካም ነው።

ለጉዞ የምትዘጋጁ ኅብረቶች ካላችሁ ከስህተታችን የተማርነውን እናካፍላችሁ። ወደ ሐይቁ ከመውረዳችሁ በፊት፣ ገና ቤት ሳላችሁ ተመካከሩ፤ ዳር ላይ የሚደረግ ምክክር ክርክር ይሆናል። ስለ ሙዚቃው ከመጠየቃችሁ በፊት ለሁሉም የሚበቃ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ጠይቁ፤ ከልኩ በላይ ሰው የሚጭን ጀልባ ዝማሬ ቢከፍትም አትግቡበት። የጀልባ ልጆቹን በትሕትና አናግሯቸው፤ እንጀራቸው ነው። ድምፅ እንዲቀንሱ ቢለመኑ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ ንቀን ካለፍናቸው ግን ወንጌልን በምን አፍ እንነግራቸዋለን?

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ሄድን። በማለዳ ነበር፤ ነፋስም ገበያም ገና አልተነሣም። ያንኑ ትልቁን ጀልባ ለብቻችን ተኮናተርንና ልጆቹን ስፒከሩን እንዲያጠፉልን ለመንናቸው። ስቀው «ምን ልትሰሙ ነው ታዲያ?» አሉን። ወጣቶቹ ከበሮ ይዘው ስለነበር መዘመር ጀመሩ፤ እናቶችም አጨበጨቡ። ወደ ጉማሬዎቹ ስንጠጋ ሁላችንም ዝም አልን፤ ዝም በሉ ያለን ግን የለም።

ያ ወንድማችንም መጥቶ ነበር። ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ እርሱም ይቅር ብሎናል። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከአንዲት እናታችን አጠገብ ተቀመጠ። ብዙ አልተናገረም። ብረቱን ግን አልጨበጠም።

ጌታ ሆይ፣ ጩኸታችንንም ዝምታችንንም መርምር። ከእኛ ጋር የተሳፈረውን ወንድም የምናይበት ዓይን ስጠን።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።