ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት፦ ከማህበረሰብ መዋጮ ወደ መደበኛ በጀት

አንድ ህፃን አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ፊደል መለየትን፣ እርሳስ መያዝን፣ ተራ ጠብቆ መጫወትንና የመምህሩን ቃል አዳምጦ መፈጸምን ከለመደ ትምህርቱን በአግባቡ የመከታተል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህን ዝግጅት ሳያገኝ የሚገባው ግን ክፍል ለመድገም፣ ብሎም ትምህርቱን ለማቋረጥ ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል። በኢትዮጵያ ትምህርት የማቋረጥ ችግር ለዓመታት ጎልቶ የታየው በአንደኛ ክፍል መሆኑ ጉዳዩ ምን ያህል ትኩረት እንደሚሻ ያመለክታል።

ህፃናትን ለትምህርት የማዘጋጀት ተግባር ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤቶችና የቁርዓን ትምህርት ቤቶች ለዘመናት ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረዋል። በደርግ ዘመንም የከተማ ቀበሌዎች መዋዕለ ህፃናት እያቋቋሙ የነዋሪዎችን ልጆች በአነስተኛ ክፍያ ተቀብለው ያስተምሩ ነበር። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመዋዕለ ህፃናት ትምህርት ዕውቅና ቢሰጥም የማስፋፋቱ ሥራ በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች የተተወ ነበር። በዚህም ምክንያት ተጠቃሚ የሆኑት በዋነኛነት መክፈል የሚችሉ የከተማ ቤተሰቦች ልጆች ሲሆኑ፣ የአርሶ አደሩና የአርብቶ አደሩ ልጆች ከዕድሉ ውጭ ሆነው ቆይተዋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በ2002 ዓ.ም የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ በጋራ አወጡ። ማዕቀፉ ከወላጆች ትምህርትና ከህፃናት ጤና ጋር ማህበረሰብ አቀፍ መዋዕለ ህፃናትንና የትምህርት ዝግጁነት መርሐ ግብሮችን ያካተተ ነው። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ ለስድስት ዓመት ህፃናት የተከፈተው «ዜሮ ክፍል» የተሳትፎውን መጠን በከፍተኛ ደረጃ ለውጦታል። ማዕቀፉ ሲወጣ ከ10 በመቶ በታች የነበረው ጥቅል የቅድመ መደበኛ ተሳትፎ በ2007 ዓ.ም 40 በመቶ ገደማ ደርሷል።

ይሁንና የቁጥሩ ዕድገትና የአገልግሎቱ ጥራት እኩል አልተራመዱም። በበርካታ ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል የተከፈተው ለትልልቅ ተማሪዎች በተሠራ ክፍልና ወንበር ነው። የሚመደቡት መምህራን ህፃናትን በጨዋታ የማስተማር ሥልጠና ያላገኙ በመሆናቸው ትምህርቱ ፊደልና ቁጥር በጅምላ ወደ ማስደገም ያዘነብላል። በዚህ መልክ የሚሰጥ ትምህርት ህፃኑን ለአንደኛ ክፍል ከማዘጋጀት ይልቅ አንደኛ ክፍልን አንድ ዓመት አስቀድሞ እንደ ማስጀመር ይቆጠራል።

የችግሩ ሥር የገንዘብ ምንጩ ነው። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ የሚውል በመሆኑ ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ያላገኘ ክፍል በወላጆች መዋጮ ለመተዳደር ይገደዳል። ማህበረሰቡ ለልጆቹ መዋጮ ማድረጉ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የመምህሩ ደመወዝ በመዋጮ ላይ ከተመሠረተ አዝመራው በከፋበት ዓመት ክፍያው ይቋረጣል፤ መምህሩ ይለቃል፤ ክፍሉም ይዘጋል። ከሁሉ በላይ፣ መዋጮውን መክፈል ተስኗቸው ልጆቻቸውን ከቤት የሚያስቀሩት እጅግ ድሃ የሆኑት ቤተሰቦች ናቸው። በዚህም ዝግጅቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ህፃናት ቀድመው ከዕድሉ ይወጣሉ።

በ2015 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት ማድረጉ ጥያቄውን ይበልጥ አጣዳፊ አድርጎታል። ለማሳያ ያህል፣ 50 የስድስት ዓመት ህፃናትን በአንድ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው የአምስት ዓመት ህፃናት ሲጨመሩለት ሁለተኛ ክፍልና ሁለተኛ መምህር ያስፈልገዋል። ይህ ካልተሟላ ሁለቱም የዕድሜ ክልሎች በአንድ ክፍል ይታጨቃሉ፤ የተጨመረው ዓመትም ትርጉም ያጣል።

በጊዜያዊነት የሚያግዙ አማራጮች እንዳሉ አይካድም። ከፍ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያዘጋጁበት «ከህፃን ለህፃን» የተሰኘው ዘዴ አንዱ ነው። በ2007 ዓ.ም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በዩኒሴፍ ድጋፍ የተጀመረው የተፋጠነ የትምህርት ዝግጁነት መርሐ ግብርም አንደኛ ክፍል ሊገቡ ለተቃረቡ ህፃናት በክረምት ወራት ዝግጅት የሚሰጥ ነው። እነዚህ ዘዴዎች ክፍል ላልተከፈተላቸው አካባቢዎች ድልድይ ቢሆኑም ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሰጠውን ትምህርት ሊተኩ አይችሉም።

ከዚህ በመነሳት የሥራ ክፍፍሉን ግልጽ ማድረግ ይገባል። የአካባቢው ማህበረሰብ ቦታ በመስጠት፣ ክፍል በመሥራት፣ ከሸክላና ከእንጨት መጫወቻ በማዘጋጀት እንዲሁም አረጋውያን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ተረት እንዲነግሩ በማድረግ ጉልህ ድርሻ ሊያበረክት ይችላል። የመምህሩ ደመወዝና ሥልጠና ግን የመንግሥት ኃላፊነት መሆን ይኖርበታል። ለዚህም የወረዳ ምክር ቤቶች በዓመታዊ በጀታቸው ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ራሱን የቻለ መደብ መያዝ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የህፃናቱንና የሠለጠኑ መምህራንን ቁጥር ለይተው ማቅረብ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ቅበላቸውን ከዚሁ ፍላጎት ጋር ማጣጣም ይጠበቅባቸዋል።

የዘላቂ ልማት ግቦች እ.ኤ.አ እስከ 2030 ሁሉም ህፃናት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ያስቀምጣሉ። ግቡ የሚለካው በተከፈቱ ክፍሎች ብዛት ብቻ ከሆነ ሪፖርቱ ያምር ይሆናል፤ አንደኛ ክፍል ላይ የሚያቋርጠው ህፃን ቁጥር ግን አይቀንስም። በመሆኑም የየደረጃው አመራር በቀጣዩ የበጀት ዝግጅት ወቅት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ በወረዳው ስንት ዜሮ ክፍል አለ የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ የስንቱ መምህር ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይከፈላል የሚለውንም ጭምር ነው።