ባሕር የሌለው አገር የመርከብ ሕግ ምን ያደርግለታል?

ከኮሌጃችን በር ወጥታችሁ ከቦሌ እስከ ገርጂ በእግራችሁ ብትሄዱ ምን ታያላችሁ? የሕንፃ መስታወት፣ ሴራሚክ፣ ፍሪጅ፣ ጎማ፣ መኪና። ቦሌ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አውሮፕላን ነው እንጂ ይህ ዕቃ አብዛኛው የመጣው በመርከብ ነው። ታዲያ እኔ «ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ ሄጄ የመርከብ ንግድ ሕግ መማር እፈልጋለሁ» ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «ባሕር የለን፣ ወደብ የለን፤ ጣና ላይ ልትከራከር ነው?» ይሉኛል። እስቲ ዛሬ መልሴን ልስጥ።

ነገሩ የጀመረው ከአጎቴ ነው። አጎቴ ገርጂ ውስጥ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ከቻይና ያስመጣው ኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ ሱቁ መጥቶ ሲከፈት ሲሶው ተሰባብሮ ተገኘ። ትራንዚተሩ «አጓጓዡን ጠይቅ» አለው፤ አጓጓዡ «ላኪውን ጠይቅ» አለው፤ ላኪው ደግሞ «ዕቃው ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር» አለ። አጎቴ ክስ የሚባል ነገር አይወድም። በስልክና በደብዳቤ ሲመላለስ ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። በመጨረሻ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን አምጥቶ ፊቴ ዘረጋውና «አንተ የሕግ ተማሪ አይደለህ? በል እስቲ አንብብልኝ» አለኝ።

«እሺ ጋሼ» ብዬ ተቀበልኩ። ከጀርባው ያለውን የደቀቀ እንግሊዝኛ አንድ ሰዓት ሙሉ አፈጠጥኩበት። ክርክር ቢነሳ በእንግሊዝ ሕግ፣ ለንደን በሚገኝ ፍርድ ቤት ይታያል ይላል። ዕቃው ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካልቀረበ አጓጓዡ ነጻ ነው ይላል። ዓመቱ አልፏል። ሦስት ዓመት ሕግ ተምሬ የባሕር ሕጋችንን ከሽፋኑ በቀር ገልጬ አላውቅም ነበር። አጎቴ አልተቆጣኝም። «ተወው፣ ብቻ አንተ ጎብዝ» ብሎኝ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ጥያቄ ልመለስ። የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ከፍትሐ ብሔር ሕጉና ከንግድ ሕጉ ጋር በአንድ ቀን ሲወጣ ምጽዋና አሰብ ነበሩን። የመርከብ ድርጅታችን በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ባሕር አልባ ሆንን፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ በአሰብ መጠቀሙም ቀረ። ድርጅቱ ግን አልፈረሰም፤ በ2004 ዓ.ም. ከደረቅ ወደብና ከትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ ቀጠለ። ባሕር የሌለው አገር በራሱ ሰንደቅ ዓላማ መርከብ ማሠማራት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው የባርሴሎና መግለጫ አረጋግጧል። ስለዚህ ባሕሩ ሄደ እንጂ ሕጉም ንግዱም አልሄደም።

እንዲያውም እኔ በበኩሌ ወደብ ካለው አገር ይልቅ ይህ ሕግ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው እላለሁ። የወደብ ከተማ ነጋዴ ዕቃው ሲራገፍ ሄዶ በዓይኑ ያየዋል። የአጎቴ ሴራሚክ ግን ጅቡቲ ከተራገፈ በኋላ ገና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ታዲያ የተሰበረው መርከብ ላይ ነው፣ ወደብ ላይ ነው ወይስ አዋሽ መንገድ ላይ? እ.ኤ.አ. በ1924 የወጡት የሄግ ደንቦች የሚናገሩት ዕቃው መርከብ ላይ ከሚጫንበት እስከሚራገፍበት ስላለው ጊዜ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመልቲሞዳል ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 548 ደግሞ አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ኃላፊ የሚሆንበትን መንገድ ከፈተ። እነዚህን ሁለቱን አገናዝቦ አስመጪውን የሚያማክር ሰው ያስፈልገናል። ቦሌ ለሚ የሚሰፋውን ልብስ በመርከብ የሚልከውም ሰው እንዲሁ።

«እሺ፣ አገር ውስጥ ተማረው፤ ውጭ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ውሉ ለንደን ላይ ይዳኛል ካለ፣ የለንደን ዳኛ እንዴት እንደሚያስብ ማወቅ ግድ ነው። እኛ የሠለጠንነው አንቀጽ ቆጥረን ነው፤ እነሱ የሚከራከሩት ቀደም ባለ ፍርድ ነው። በሳውዝሃምፕተንና በስዋንሲ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ የሚያስተምሩ ተቋማት አሉ። ከሁሉ ልቤን የሳበው ግን ማልታ የሚገኘው፣ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ያቋቋመው የባሕር ሕግ ተቋም ነው። እዚያ ተማሪው አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ወስዶ ለገዛ አገሩ የሚሆን የሕግ ረቂቅ ያዘጋጃል። እህቶቼም ልብ በሉ፤ ግማሹ ቦታ ለሴቶች የተያዘ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ከጓደኞቼ ጋር ያስማማኛል። ከኮሌጅ ቀጥታ ወደ አውሮፕላን መሮጥ አይጠቅምም። ኮንቴይነር ሲከፈት አይቶ የማያውቅ ልጅ ውጭ ሄዶ የሚማረው የሰው አገር የመርከብ ባለቤቶችን ጭቅጭቅ ነው። ዲግሪውን ሲይዝም ሥራ የሚያገኘው እዚያው እነሱ ዘንድ ነው፤ መመለሱም ያጠራጥራል። ቼቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሲጨርሱም ቢያንስ ሁለት ዓመት አገር ገብቶ መቀመጥን ግዴታ ያደርጋል። አንዳንዱ ይህን እንደ እግር ብረት ያየዋል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ሁለቱን ዓመት ሞጆ ወይም ቦሌ ካሉት የትራንዚት ቢሮዎች ባንዱ ብሠራ፣ ማልታም ሆነ ለንደን የምሄደው የአጎቴን ጥያቄ ይዤ ነው። ፈተና ለማለፍ ብቻ የሄደ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት ያመጣል?

ለትምህርት ክፍላችንም አንድ ልመና አለኝ። አንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ፊቱም ጀርባውም፣ ክፍል ውስጥ አብረን እናንብብ። ለዚህ ውጭ መሄድ አያስፈልግም። ቤተሰቡ ዕቃ የሚያስመጣ ተማሪም እስከዚያው ይህችን ይያዝ፤ በሄግ ደንቦች መሠረት ከውጭ የማይታይ ጉዳት ሲገኝ ዕቃው በተረከበ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። ቀኑ ካለፈ መብቱ ወዲያው አይጠፋም፤ ማስረዳቱ ግን ይከብዳል። ክሱ ደግሞ ከዓመት እንዳያልፍ።

አጎቴ አሁንም ሴራሚክ ያስመጣል። አሁን ግን ኮንቴይነር ሳይከፈት በፊት ይደውልልኛል።