ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለማይደውለው ስማርት ሰዓት

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ያወረሱን አባቶች ስማርት ሰዓት የሚባል ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡም። እኔ ግን ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ላይ የማየው ሰዓት ይህችኑ ላም ያስታውሰኛል። የልብ ምት ይለካል፤ እርምጃ ይቆጥራል፤ መልእክት ይቀበላል፤ የኔትወርክ ምልክቱም ሙሉ ነው። ደውል ሲሉት ግን አይደውልም።

ዕቃ ነውና ተበላሸ ብለን ብንተወው በወደድኩ። ነገር ግን ሰዓቱ አልተበላሸም፤ የሚናገርበት መንገድ ነው የተዘጋበት። መንገዱን የዘጋው ወገን ደግሞ ለባለቤቱ በቅጡ አልነገረውም። ክርክሬ እዚህ ላይ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። እስከ ሦስተኛው ትውልድ፣ ማለትም እስከ 3ጂ ድረስ፣ የሞባይል ኔትወርክ ለድምፅ የተለየ መስመር ነበረው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መስመር ይያዝላቸዋል፤ ጨርሰው እስኪዘጉ ድረስ ያ መስመር የእነርሱ ነው። 4ጂ ሲመጣ ይህ አሠራር ቀረ። አዲሱ ኔትወርክ የተሠራው ለዳታ ነውና ድምፅም እንደማንኛውም ዳታ ተቆራርጦ መጓዝ ነበረበት፤ ይህም ቮልቲኢ ይባላል። ሆኖም ቮልቲኢ በየቦታው እስኪዘረጋ ድረስ ኩባንያዎቹ አቋራጭ አበጁ። «4ጂ» ተብሎ የተሸጠው መሣሪያ ኢንተርኔቱን በ4ጂ ይጠቀማል፤ ጥሪ ሲኖር ግን ድምፁን ይዞ ወደ 3ጂ ይወርዳል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ይደውላል፣ ይሰማል፤ በቃው።

ከዚያ የመዝጊያው ዘመን መጣ። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂውን የዘጋው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2022 ነው። ቲ-ሞባይል በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ ተከተለ፤ ቬራይዘን በዲሴምበር 31 ደመደመ። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ባወጣው ማሳሰቢያ ነገሩ አሮጌ ስልኮችን ብቻ እንደማይነካ፣ ቮልቲኢ የሌላቸው አንዳንድ የ4ጂ ስልኮች፣ የሕክምና መሣሪያዎች፣ የቤት ጥበቃ ደወሎችና ስማርት ሰዓቶችም ሊያገኛቸው እንደሚችል ገልጾ ነበር። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ውድ አንባቢያን፦ ከመካከላችን የኮሚሽን ማሳሰቢያ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ስንቱ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሳምሰንግ ጊር ኤስ የራሱን ሲም ይዞ በ3ጂ ይደውል ነበር። እርሱስ ዘመኑን ጨርሷል እንበል። የባሰው በ4ጂ ስም የተሸጠው ነው። ምክንያቱም የዚህኛው ጉድለት ተደብቆ ይኖራል። ስልክ አጠገቡ ሲኖር ሰዓቱ በብሉቱዝ ተያይዞ በስልኩ አፍ ይናገራል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲሞክሩት ይደውላል፤ ሱቅ ውስጥም ሲያሳዩት ይደውላል። ጉድለቱ የሚገለጠው ስልኩን ትተው የወጡ ቀን ብቻ ነው። ያ ቀን ደግሞ ሰዓቱ የተገዛለት ቀን ነው።

በሜሪላንድ በሰፈሬ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ስልክ መያዝ ስለማይወዱ ልጃቸው እንዲህ ያለ ሰዓት ገዝቶ አሰረላቸው። አንድ የክረምት ማለዳ በረዶ አዳልጧቸው ወደቁ። ሰዓቱን ተጭነው ቢጠሩ፣ ቢጠሩ የሚመልስ የለም። በኋላ መንገደኛ ደርሶ አነሣቸው። አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ደውዬ ስጠይቅ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ «ዳታው ይሠራል አይደለም እንዴ?» አለችኝ። አዎን፣ ይሠራል፤ በየወሩም ይከፈልበታል። «እንግዲያው ሰዓቱ ከተፈቀዱት መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ጥሪ አያስተናግድም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ይህን ለእርሳቸው ብነግራቸው «ልጄ፣ ልቤ መምታቱን ያውቅና መጮኼን አይሰማም?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አቤቱታ የሚጽፍ ጠበቃ አላውቅም።

የአሜሪካ ደንብ ማንኛውም የሞባይል ኩባንያ ወደ 911 የሚደወለውን ጥሪ፣ ደዋዩ ደንበኛው ባይሆን እንኳ፣ እንዲያስተላልፍ ያዛል። መልካም ደንብ ነው። ነገር ግን ጥሪው ከኔትወርኩ ደጃፍ ካልደረሰ ደንቡ ማንን ያድናል? ሻጮቹ ደግሞ የሚሸጡት ይህንኑ ተስፋ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሰዓት ባለቤቱ መውደቁን ዐውቆ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ከቆየ፣ በራሱ ወደ አደጋ ጊዜ አገልግሎት እንዲደውል ተደርጎ ተሠራ። በ2020 ደግሞ የራሳቸው አይፎን የሌላቸው ልጆችና አረጋውያን በቤተሰብ ስልክ አማካይነት ሰዓቱን እንዲይዙ መንገድ ከፈተ። እንግዲህ ሰዓት ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የደካሞች ምርኩዝ ሆኗል ማለት ነው። ምርኩዝ የሚሸጥ ሰው ምርኩዙ የማይችለውን ክብደት አስቀድሞ የመናገር ግዴታ አለበት።

የሚከራከሩኝ አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ ውሱን ሀብት ነው፤ 3ጂ ይዞት የነበረውን ሞገድ 4ጂና 5ጂ አብልጠው ይሠሩበታል። የሦስት ትውልድ መሣሪያ ጎን ለጎን ማሠራትም ከባድ ወጪ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። 3ጂ ለዘላለም ይኑር የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። «ውሾቹ ይጮሃሉ፣ ግመሎቹ ይሄዳሉ» የሚሉኝንም እሰማለሁ። ግመሎቹ ይሂዱ! እኔ የምጠይቀው ዋጋ ከፍለው ግመሉ ላይ የተሳፈሩት ሰዎች እንቅልፍ ላይ ሳሉ ስለምን በረሃ ላይ ይጣላሉ ብዬ ነው።

ሌላ መንገድ እንደነበረ አውስትራሊያ ምስክር ናት። በዚያ ቴልስትራና ኦፕተስ 3ጂውን የዘጉት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ነው፤ አስቀድመው የቆረጡትን ቀን አራዝመው። ከመዘጋቱ በፊት ደንበኛው «3» ብሎ ወደ 3498 መልእክት ሲልክ ስልኩ ይቀጥል እንደሆነ ይመለስለት ነበር። ተራ ጥሪን በ4ጂ እየደወሉ ወደ አደጋ ጊዜው ቁጥር ወደ 000 ሲሆን ግን 3ጂ የሚፈልጉ ስልኮች ስለተገኙ፣ መንግሥት ኩባንያዎቹ እነዚህን ስልኮች ከኔትወርካቸው እንዲያስወጡ አዘዘ። ሰዎች ተማረሩ፤ ደህና የሚመስል ስልካቸው ተዘግቷልና። እኔ ግን ጨካኙ ውሳኔ ሐቀኛው ነው እላለሁ። ጨርሶ የማይሠራ ስልክ ሰውን አያታልልም፤ ባለቤቱ ሌላ ይፈልጋል። የሚያታልለው በጭንቁ ቀን ብቻ የሚከዳው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሰዓቱ ማሸጊያ ላይ «ስልክ አጠገቡ ሳይኖር በዚህ ኔትወርክ ይደውላል» ወይም «አይደውልም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በጉልህ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ኩባንያው የትኛው መሣሪያ በኔትወርኩ ላይ እንዳለ መዝገቡ ያውቀዋልና፣ ከመዝጋቱ በፊት ለእያንዳንዱ ባለቤት በስሙ ይንገረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ሦስተኛ፣ ቮልቲኢ እያለው በዝርዝር አልገባም ተብሎ የሚመለስ መሣሪያ አይኑር፤ የሚመለስ ከሆነም የወር ክፍያው አብሮ ይቁም። ድምፁን ከልክሎ ዋጋውን መቀበል በየትኛውም ቋንቋ ስሙ ንግድ አይደለም።

ይህ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ የተረፈውን ስልክና ሰዓት በሻንጣ ይዘን ለአገር ቤት ዘመድ የምንሰጥ እኛው ነን። አገር ቤት ስንቱ አባትና እናት በባለ ቁልፍ ስልክ የልጁን ድምፅ ይሰማል። የመዝጊያው ቀን አንድ ጊዜ እዚያም መድረሱ አይቀርም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጥያቄው ከአሁኑ ይነሣ። በየቤታችሁ ያለውንም ሰዓት ዛሬውኑ ፈትኑት፤ ስልኩን አጥፍታችሁ፣ በሰዓቱ ብቻ ለወዳጅ ደውሉ። የማይደውል ከሆነ በመልካሙ ቀን እወቁት።

ቸር ያሰማን።