መኪናው የሠራተኛው፣ ጉዳዩ የድርጅቱ

ሳሪስ አቦ ቆመን ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን መንገድ ስንመለከት አንድ ነገር ያሳስበናል። አሠሪው ሠራተኛውን «በመኪናህ ደርሰህ ና» ብሎ ይልከዋል፤ ሌላውም መኪና ተከራይቶ ይልካል። እግረኛ የተገጨ እንደሆነ ግን «መኪናው የእኔ አይደለም» ማለት ይመጣል።

ይህ መልስ አያድንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ባለመኪናውን፣ በቁጥር 2130 ደግሞ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ ያደረገው የሦስተኛ ወገን መድንም የሚከፍለው እስከ ተወሰነ መጠን ነው፤ የተላኪውን መኪና አያስጠግንም።

እንግዲህ ጥቅሙ የድርጅቱ ከሆነ፣ የተጨማሪው መድን ዋጋም የድርጅቱ መሆን ይገባዋል እንላለን። አሠሪዎች ሆይ፣ ቁልፉን ከማስነሣታችሁ በፊት የመድኑን ውል ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።